የሲያትል የ100 ዶላር ቫውቸር ይቀጥል ወይስ ይቅር?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ክርክር ስለ ምርጫ ቅስቀሳ ገንዘብ ነው። የአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ ሕዝብ በ2015 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ድምፅ ሰጥቶ «የዲሞክራሲ ቫውቸር» አጸደቀ። ለአንድ ሰው እያንዳንዳቸው 25 ዶላር የሚያወጡ አራት ወረቀቶች ይደርሱታል። ለራስ አይመነዘርም። ፈርመህ ለምትደግፈው ዕጩ ትሰጣለህ፣ ከተማው ለዕጩው ይከፍላል። በ2025 ደግሞ ሕዝቡ ለሌላ 10 ዓመት አራዘመው። ልክ ነው ትላላችሁ?

ባለታክሲ፦ እኔ ደጋፊ ነኝ። እናቴ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የላትም። ድምፅ አትሰጥም። ቫውቸሩን ግን አመልክታ አገኘች፣ ሕጉ ይፈቅዳል። አንድ ቀን ቡና እያፈላች አንድ ዕጩ ራሱ በራችንን አንኳኳ። ግባ አለችው። አቦሉን እየጠጣ ስለ አውቶቡሱ መዘግየት ነገረችው፣ እኔ አስተረጎምኩ። ከዚያ ረከቦቱ አጠገብ ቁጭ ብላ አራቱንም ፈረመችለት። እዚህ ከተማ ስኖር ከዚያ በፊት በሬን ያንኳኳ ዕጩ አላውቅም።

የቤት ባለቤት፦ ወንድሜ፣ የእናትህ ነገር ደስ ይላል። ከፋይዋ ግን እኔ ነኝ። ገንዘቡ የሚመጣው ከንብረት ግብር ነው። ሲጀመር በዓመት 3 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ አሁን በዓመት 4.5 ሚሊዮን፣ በ10 ዓመት 45 ሚሊዮን ሆነ። ለአንድ ቤት ጥቂት ዶላር ነው ትሉኛላችሁ። ለቤተ መጻሕፍት ጥቂት፣ ለትምህርት ቤት ጥቂት፣ ለመንገድ ጥቂት። ሲደማመር ወገብ ይቆርጣል። ደግሞስ የማልፈልገው ሰው በእኔ ገንዘብ ለምን ይቀሰቅሳል?

የሕግ ተማሪ፦ እህቴ፣ ይቺ ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሳለች። ሁለት ባለንብረቶች ይህንኑ ብለው ከተማውን ከሰሱ። የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 በሙሉ ድምፅ ውድቅ አደረገው። ግብሩ አንቺን ከማንም ዕጩ መልእክት ጋር አያይዝሽም፣ ለማን እንደሚሄድ የሚወስነው ነዋሪው ነው አለ።

የቤት ባለቤት፦ ሕጋዊ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

ከኬንት፦ ኪራዩ ከሲያትል ገፍቶ ወደ ጎረቤት ከተማ ኬንት ስላስወጣኝ እኔ ቫውቸር አይደርሰኝም። ትልቁን ቀዳዳ ግን ልናገር። በ2019 አማዞን ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለንግድ ምክር ቤቱ ፓክ (ለምርጫ ገንዘብ የሚሰበስብና የሚያወጣ ቡድን) ሰጠ። ገንዘቡ ዕጩዎቹ እጅ አይገባም፣ ፓኩ ለብቻው ማስታወቂያ ይገዛበታል። ከ2010ሩ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ እንዲህ ያለውን ወጪ መገደብ አይቻልም። ቫውቸር የወሰደ ዕጩ የወጪ ጣሪያ አለበት። እንዲህ ያለው የፓክ ገንዘብ ሲበዛ ግን ጣሪያው ይነሣለታል። ታዲያ ምኑን አስተካከልነው?

ባለታክሲ፦ ያን ጊዜ እኮ ፓኩ የደገፋቸው አብዛኞቹ ተሸነፉ!

ከኬንት፦ ሕዝቡ ተናዶ ስለነበር ነው። ሁልጊዜ አይናደድም።

የሕግ ተማሪ፦ ቀዳዳው እውነት ነው። የሜን ግዛት ሕዝብ በ2024 ለሱፐር ፓክ (ያለ ገደብ መዋጮ የሚቀበል ፓክ) የሚሰጠው መዋጮ ከ5,000 ዶላር እንዳይበልጥ ወሰነ፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት አገደው። ከተማ አቅሙ እስከ ቫውቸር ድረስ ነው። ትንሽ ገንዘብ ማብዛት ይችላል፣ ትልቁን ማስቆም አይችልም።

አወያይ፦ የእኔን ልበል። ከአማዞን ይልቅ የሚያሳስበኝ ወረቀቱ ደርሶት መሳቢያ ውስጥ የሚተወው ሰው ነው። አብዛኛው ነዋሪ አይጠቀምበትም። ይህንን ማስተካከል በእኛ እጅ ነው።

የቤት ባለቤት፦ ባለታክሲ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቫውቸር የሰጠ ሰው ስሙ ለሕዝብ ክፍት እንደሆነ ለእናትህ ነግረሃታል?

ባለታክሲ፦ አልነገርኳትም። ጥሩ አስታወስሽኝ፣ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። የምትደነግጥ ግን አይመስለኝም። ያን ቀን ዕጩውን በር ድረስ ስትሸኘው «ስሜን እንዳትረሳ» ብላዋለች።