ለዓድዋ ሰልፍ በዘማች ልብስ ልንወጣ ነው፣ ያደረጋችሁት ካላችሁ እርዱን

የጠባሴዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ። እኛ ደብረ ብርሃን ያለን አምስት ጓደኛሞች ነን፣ ሦስት ሴት ሁለት ወንድ፣ ዘንድሮ 130ኛውን የዓድዋ በዓል አዲስ አበባ ሄደን እንደ ድሮ ዘማች ለብሰን ሰልፉ ውስጥ ልንገባ ተማምለናል፣ እስከ ዛሬ በቲቪ ነበር የምናየው። ችግሩ አንዳችንም አድርገነው አናውቅም። አንዱ ጓደኛችን የሚከራይ ልብስ አገኘሁ ብሎ ፎቶ ላከልን ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን፣ የሚያብለጨልጭ ቢጫ ነገር፣ ዳር ዳሩ የስጦታ መጠቅለያ የመሰለ ክር፣ ጎፈር ተብዬው የራስ ጌጥ ደግሞ የወለል መጥረጊያ ነው የሚመስለው። እኔ የአያቴ በርኖስ አለኝ፣ የመንዝ ነው፣ ጥቁር፣ አንድ ቦታ ብል በልቶታል። ሌላው ሁሉ ባዶ ነው። ጋሻና ጦር በምን ይሠራል? ሴቶቹስ ምን እንልበስ? ደግሞ ያ ልጅ አጎቱ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የድሮ ውጅግራ ጠመንጃ አለ እሱን ይዤ ልውጣ እያለ ነው፣ ይቻላል እንዴ?

ባለበርኖስ፦
እህቴ መጀመሪያ ውጅግራው እዛው ግድግዳው ላይ ይቆይ!! ባይተኩስም ጥይት ባይኖረውም ፈታሽ ጋ ስትደርሱ መሣሪያ መሣሪያ ነው፣ የጦር መሣሪያ አዋጁ (1177/2012) ላይ ለበዓል ማሳመሪያ የሚል ነገር የለም። ለልጁ ንገሪው፣ በዓሉን ጣቢያ ቁጭ ብሎ ማሳለፍ ካልፈለገ።
በርኖሱን በተመለከተ ካለሽ እኮ ሀብታም ነሽ። ከሣጥን አውጥተሽ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አስጪው በዱላ ጠፍጥፊው አቧራውም ብሉም ይራገፋል፣ እንዳታጥቢው፣ በተለይ በሙቅ ውኃ እንዳትሞክሪው፣ የበግ ጠጉር ነው ይኮማተርና ለሕፃን ነው የሚሆነው (እኔ የአባቴን እንደዛ አድርጌ ዛሬም ድረስ ይነሣብኛል)። ቀዳዳውን ከውስጥ በኩል በጥቁር የሱፍ ክር አጥብበሽ ያዢው ከውጭ አይታወቅም። አንገትሽን ይበላሻል ስለዚህ ከሥሩ ነጠላ ጠምጥሚ። ደግሞ ያስቸግራል ልንገርሽ፣ በእናንተ ሰፈር በጠባሴ ውርጭ ግሩም ነው፣ ፒያሳ ስድስት ሰዓት ላይ ግን ትቀቀያለሽ። በመርፌ ቁልፍ ትከሻ ላይ አሲዢው ሲሞቅሽ ወደ ኋላ እንድትጥዪው።

ልብስ ሰፊው፦
ለጋሻው ሰፌድ ፈልጉ። አትሳቁ የምሬን ነው፣ ክቡ ልክ ነው፣ መሀሉን ከኋላ በጉልበት ገፍታችሁ ትንሽ ካጎበጣችሁት ደግሞ ቅርጹ ራሱ ይመጣል። ላዩ ላይ ጥቁር ቆዳ መሰል ጨርቅ (የድሮ ሶፋ ልባስ አሪፍ ነው) ወጥራችሁ ጠርዙን እየዞራችሁ ስፉት፣ መሀሉ ላይ የነሐስ ቁልፍ ክብ ሠርታችሁ ደርድሩ፣ ከኋላ ሁለት የቆዳ ማንገቻ፣ አንዱ ለክንድ አንዱ ለጭብጥ። ኮላ አትንኩ! ስፉት ነው የምለው፣ ኮላው ፀሐይ ሲነካው ይለቅና መሀል አስፋልት ጋሻው ልጣጩን ይጥላል። አንዳንዱ በኮምፔርሳቶ ይሠራል፣ ጥሩ ነው ግን ሁለት ሰዓት ይዛችሁት ቁሙ እስኪ። ለጦሩ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ዘንግ ልጡን ልጣችሁ፣ ጫፉን በወፍራም ካርቶን ቀርጻችሁ በብርማ ወረቀት ሸፍኑት። የብረት ጫፍ ከሆነ ፍተሻ ላይ ይወሰዳል፣ ባይወሰድም በዛ ግፊያ የሰው ዓይን ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ አሳባችሁን ወድጄዋለሁ፣ አንድ ነገር ግን እባካችሁ አትደባልቁ። በየዓመቱ አያለሁ፣ ካኪ ልብስ፣ ደረት ሙሉ ሜዳሊያ፣ ጠጉሩን ያጎፈረ ወጣት ለዓድዋ ይወጣል። ያ የአምስቱ ዓመት አርበኛ ነው፣ ከ1928 እስከ 1933፣ የራስ አበበ አረጋይ ሰዎች በእኛው በመንዝና በተጉለት የተዋጉበት ዘመን፣ በዓሉም ሚያዝያ 27 ነው። የዓድዋው የ1888 ነው፣ መሀላቸው 40 ዓመት አለ። የዓድዋ ዘማች አብዛኛው በነጭ የጥጥ ልብስ በባዶ እግሩ የሄደ ገበሬ ነው። ጎፈርና ለምድ የጀግናና የመኳንንት ነበር፣ ሁሉም አይጭነውም፣ ስለዚህ ከአምስታችሁ አንዱ ቢያደርገው ይበቃል፣ ወታደር የሌላቸው አምስት ራሶች ምን ይሠራሉ?
እናንተ ደግሞ ከሸዋ ናችሁ፣ የራሳችሁ ታሪክ አላችሁ። ክተቱ መስከረም 1888 ሲታወጅ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት አጋማሽ ወረኢሉ ላይ እንዲከት ነበር የታዘዘው። የአንጎለላም የአንኮበርም የመንዝም ሰው ስንቁን አሸክሞ ወረኢሉ የወረደ ነው። እንደዛ ሰው ልበሱ፤ እጀ ጠባብ፣ ሱሪ፣ ኩታ፣ በርኖስ ያለው በርኖስ። ቀላልም ርካሽም ነው።

የጠባሴዋ (ጠያቂ)፦
ጋሼ በጣም እናመሰግናለን እድሜ ይስጥልን። ይቅርታ ያድርጉልኝና አንዱ ጓደኛችን የቅድመ አያቱን የአርበኝነት ሜዳሊያ ሊያደርግ አስቦ ነበር፣ ከእርስዎ መልስ በኋላ እንዴት ልበለው?

ጡረተኛው መምህር፦
ለሚያዝያ 27 ያስቀምጠው በይው። እዚያ ቀን ግን በቅድመ አያቱ ስም ያድርገው፣ ማንም አይከለክለው።

እታለም፦
ለሴቶቹ እኔ ልመልስ። በኪራይ የሚመጣውን የንግሥት ዘውድ ተዉት፣ ሦስት ጣይቱ ጎን ለጎን ሲሄድ አያምርም። ስንቅ የተሸከሙትን ሴቶች ሁኑ። ሐበሻ ቀሚስ ጥልፉ ያልበዛ (ሽሮ ሜዳ አዲስ ከመግዛት የእናታችሁን ያረጀ ለምኑ፣ ያረጀው ነው የሚያምረው)፣ ወገብ በመቀነት ጠበቅ፣ ጀርባ ላይ አገልግል በጨርቅ ታዝሎ፣ እጅ ላይ ቅል። አንዷ እንስራ ብታዝል ደግሞ የመቀሌው የጣሊያን ምሽግ ውኃ ምንጭ በጣይቱ ምክር የተያዘበትን ታስታውሳለች፣ ለጠየቃችሁ ሰው የምትነግሩት አላችሁ ማለት ነው። ባዶውን እዘሉት እሺ፣ እኔ አንድ ዓመት ለእውነት ይምሰል ብዬ ውኃ ሞልቼው ወገቤ ሳምንት አልተቃናም።
ሹሩባውን ከሁለት ቀን በፊት ተሠሩት፣ በዋዜማው ከተሠራችሁት ራሳችሁን ወጥሮ ያመኛል ስትሉ ነው የምታድሩት። የአንገት ንቅሳት ካማራችሁ በዓይን ኩል ሣሉት፣ በላብ ይወርዳል ግን ፎቶ ላይ ይቆያል።
አገልግሉ ውስጥ የእውነት ምግብ ያዙበት። ጾም ላይ ስለሚውል ጭኮ አይሆንም ቅቤ አለው፣ በሶና ቆሎ ያዙ፣ አገራችን ገብስ አገር ነው ምን ጠፍቶ። በሶ በጥብጦ የሰጠኝን ሰልፈኛ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ተው_እንጂ፦
ሴት ስንቅ ብቻ ናት ያለው ማነው? ጦር የያዘችም ሴት ዘምታለች።

እታለም፦
አልሁ እንዴ? ጦር ይዛም ትሂድ ጋሻም ትያዝ፣ እኔ ያልሁት ሦስት ዘውድ አታድርጉ ነው።

ላምበረት፦
ስለ መንገዱ ማንም ያነሣ የለም። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው ብላችሁ በዕለቱ ጠዋት እንነሣለን እንዳትሉ፣ ፒያሳ አካባቢ መንገዱ ገና በሌሊት ነው የሚዘጋው። እሁድ ግቡና ዘመድ ጋ እደሩ፣ መኪናው ላምበረት መናኸሪያ ያወርዳችኋል ከዛ በመገናኛ አድርጋችሁ ግቡ። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ መናኸሪያ ጠይቁ፣ ደግሞ ዋናው ዝግጅት ምኒልክ አደባባይ ይሁን መስቀል አደባባይ ወይስ በ2016 የተመረቀው የዓድዋ መታሰቢያ ጋ በዛው ሳምንት አረጋግጡ፣ በየዓመቱ አንድ ዓይነት አይደለም።
ልብሱን ታክሲ ውስጥ አትልበሱት፣ ጦር ይዞ ሚኒባስ የገባ ሰው አይቼ አውቃለሁ ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ነው የጠየቀው። መታወቂያ አትርሱ። ስልክና ብር ከውስጥ በኩል ኪስ አሰፉለት፣ ኩታ ኪስ የለውም። ለእግራችሁ በረባሶ፣ በባዶ እግር አስፋልት ላይ የሚሄደው ለፎቶ ብቻ ነው አምስት ደቂቃ።
ሰንደቅ ዓላማ ከያዛችሁ ዓርማ ያለበትን ያዙ፣ አዋጅ 654/2001 ላይ ከፈታሽ ጋር ስትከራከሩ ሰልፉ ያልፋችኋል። እዚህም ስለሱ ክርክር አትጀምሩ በፈጠራችሁ።

ልብስ ሰፊው፦
አንድ ነገር ረስቼ። ለጎፈሩ የመንዝ በግ ቆዳ ረጅም ጠጉር ያለው ብታገኙ ከመጥረጊያው አንድ ሺህ ጊዜ ይሻላል። ጨው ነስንሳችሁ አድርቁት፣ ስቡን በደንብ ፋቁ አለዚያ በሙቀት ይሸታል፣ ከዛ በግንባር ልክ የጨርቅ ማሰሪያ አድርጋችሁ ላዩ ላይ ስፉት ከኋላ ላስቲክ። ጠጉሩን በሰፊ ማበጠሪያ ወደ ላይ እያበጠራችሁ አቁሙት።

የጠባሴዋ (ጠያቂ)፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን!! የት እንደደረስን ልንገራችሁ። በርኖሱ ፀሐይ ላይ ነው፣ ውጅግራው ግድግዳው ላይ ቀርቷል፣ ጎፈሩን ማን ያድርግ በሚለው ዕጣ ወጥቶ ለእኔ ደርሶኝ ወንዶቹ አኩርፈዋል። ሁለቱ ጋሻ ትላንት ማታ አለቀ ማለት ይቻላል፣ በጣም ያምራል፣ ፎቶውን አያችሁት አይደል። ብቻ ትንሽ ችግር አለ፣ መስፋቱ ሲሰለቸን አንዱን በኮላ ለጠፍነው፣ እማዬ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ስንዴ ልታበጥር ሰፌዷን እየፈለገች ነው። ኮላ ከሰፌድ ላይ በምንድነው የሚለቀው?

ልብስ ሰፊው፦
ስፉት ብዬ ነበር እኮ። አሁንማ አይለቅም፣ አዲስ ሰፌድ ግዙላቸው።