ከአዲስ አበባ የሚመጣ የ220 ቮልት ምጣድ አሜሪካ ቤት ውስጥ ይሠራል?

ጥያቄ (ሜሪላንድ)
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ በሚቀጥለው ወር ስትመጣ ከአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ምጣድ ልታመጣልኝ አስባለች። ምጣዱ ላይ 220 ቮልት፣ 3500 ዋት የሚል ተጽፏል፤ የወጥ ቤቴ ሶኬቶች ግን 120 ቮልት ናቸው። ቮልት ከፍ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ብገዛ ይበቃኛል? ወይስ 240 ቮልት ነው ከሚባለው የልብስ ማድረቂያው ሶኬት ላይ ልሰካው?

መልስ (የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ቨርጂኒያ)
እህቴ፣ ትራንስፎርመሩን አይግዙ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ሶኬቱ የማይችለውን አምፒር አይፈጥርም። ከ120 ቮልት መስመር 3500 ዋት ለመሳብ 29 አምፒር ያህል ያስፈልጋል፤ የወጥ ቤትዎ ብሬከር ደግሞ 15 ወይም ቢበዛ 20 ስለሆነ ወዲያው ይወርዳል። ያለ ትራንስፎርመር ቢሰኩት አይቃጠልም፤ ነገር ግን ኃይሉ የሚወርደው በቮልቱ ካሬ ልክ ስለሆነ 3500 ዋት የነበረው ወደ 1040 ዋት ያሽቆለቁላል። እንዲህ ያለ ምጣድ ለብ ይላል እንጂ አይሰማም፤ ሊጡም ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል።

የማድረቂያው መስመር አብዛኛውን ጊዜ 240 ቮልት፣ 30 አምፒር ነው። ምጣዱ እዚያ ላይ 4165 ዋት ገደማ፣ ማለትም 17 አምፒር ያህል ስለሚስብ መስመሩ ይችለዋል፤ በ50 እና በ60 ኸርዝ መካከል ያለው ልዩነትም ለማሞቂያ ሽቦ ምንም አይደለም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ምጣዱ ይዞት የሚመጣው ገመድና ስፒና ለ16 አምፒር የተሠራ ሲሆን፣ ገመዱ ከመጠን በላይ ቢግል ባለ 30 ብሬከሩ አይወርድለትም። በተጨማሪም አዲስ አበባ ከሁለቱ ገመዶች አንዱ ፌዝ (ኤሌክትሪክ የሚመጣበት)፣ ሌላው ኒውትራል (የሚመለስበት) ሲሆን፣ እዚህ ግን በ240 ቮልት ሁለቱም ፌዝ ናቸው፤ ስለዚህ የምጣዱ ማጥፊያ አንዱን ገመድ ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ፣ ጠፍቷል ብለው ሲያስሱት ሽቦው ውስጥ አሁንም ኤሌክትሪክ አለ። ገመዱን በወፍራም መለወጥ፣ የምድር ሽቦውን ከምጣዱ ብረት ጋር ማሰርና ሁለቱንም የሚቆርጥ ማጥፊያ መግጠም ፈቃድ ያለው ባለሙያ የሚሠራው ሥራ ነው። ስፒናውን ቆርጦ ሌላ መቀጠል ግን በፍጹም አይሞከር።

መልስ (የምግብ ቤት ባለቤት)
በንግድ ቤት ያለውንም ልጨምር። ቤቴ በ240 ቮልት በደንብ ይሰማ የነበረውን ምጣድ ወደ ምግብ ቤቴ ሳዛውረው በጣም ዘገየብኝና ሽቦው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ባለሙያው ሲለካው 208 ቮልት ሆኖ ተገኘ። ሦስት ፌዝ በገባበት ሕንፃ ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ ፌዝ 120 ቮልት ቢሆንም በሁለቱ መካከል የሚገኘው 208 ነው፤ ባለ 3500 ዋቱ ምጣድም እዚያ ላይ የሚሰጠው 3130 ዋት ያህል ብቻ ነው። ለንግድ የሚጋግር ሰው ምጣድ ከመግዛቱ በፊት መስመሩን ያስለካ።

መልስ (አዲስ አበባ)
እዚህም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። 3500 ዋት በ220 ቮልት 16 አምፒር ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ የተለመደው ሶኬታችን ጣሪያም 16 ነው። እኔ ቤት አምስተኛው እንጀራ ላይ ስፒናው እጅ የሚያቃጥል ሆኖ፣ ሶኬቱን ስፈታው የአንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ጠቁሮ ፕላስቲኩም ቀልጦ አገኘሁት። ያላላውን ብሎን አጥብቄ መቀጠል አልፈለግሁም፤ ከቆጣሪው አጠገብ ለምጣዱ ብቻ የራሱ ብሬከርና ወፍራም መስመር አስገባሁ። ማታ ማታ ቮልቱ ወደ 190 ሲወርድ ኃይሉ 2600 ዋት ገደማ ስለሚሆን የምንጋግረው ጠዋት ነው።

ጠያቂዋ
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የማድረቂያው ብሬከር ላይ 30 የሚል ተጽፏል፤ ሆኖም ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ያለ አከራዬ ፈቃድ ምንም አላስነካም። እናቴን ምጣዱን እንድታቆየው ነግሬአታለሁ፤ እስከዚያው እዚህ ለ120 ቮልት የተሠራውን እገዛለሁ። እሱ 1500 ዋት ስለሆነ ባለ 20 አምፒር መስመር ላይ ብቻውን እሰካዋለሁ።