ርዕሰ መምህሩ የቢሮ ሰው ነው ወይስ የክፍል?

የክርክሩ ጥያቄ፦ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ከአስተዳዳሪነት አልፎ መማር ማስተማሩን በቅርብ መምራት አለበት የሚለው ሐሳብ በብዙ አገር እየገነነ መጥቷል። ተገቢ ለውጥ ነው ወይስ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የተጫነ የሁለት ሰው ሥራ?

ርዕሰ መምህር፦ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ማለዳ በር ላይ ቆሜ ልጆች እቀበላለሁ፤ ወዲያው የቀረውን መምህር የሚተካ ሰው እፈልጋለሁ። ከዚያ በጀቱ፣ ግዢው፣ የፈነዳው ቧንቧ፣ የተቆጣው ወላጅ፣ ለበላይ አካል የሚላከው ሪፖርት ይከተላል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የትምህርት ማሻሻያ ሕግ በአካባቢ ባለሥልጣናት እጅ የነበረውን በጀት ወደ ትምህርት ቤቶች ሲያወርድ፣ የሒሳብ ሥራውም አብሮ ወረደ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 የጸደቀው «ማንም ልጅ ወደኋላ አይቅር» የተባለው ሕግ ደግሞ ትምህርት ቤቶችን በፈተና ውጤት ተጠያቂ አደረገ። ኃላፊነት የሚጨምርልኝ ብዙ ነው፤ ከላዬ ላይ አንድ ሥራ የሚያነሣልኝ ግን አላየሁም።

ወላጅ፦ እኔም ከርዕሰ መምህሩ ጋር ነኝ። ልጄን ጉልበተኛ ተማሪ ሲያስቸግራት የሄድኩት ስለ ትምህርት ዕቅድ ለመወያየት አልነበረም። በሩን ከፍቶ የሚያዳምጠኝ ኃላፊ ነበር የፈለግኩት።

የአንደኛ ክፍል መምህርት፦ ድካማችሁ ይገባኛል፤ ነገር ግን ዋናው ጉዳይ እየተዘለለ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማንበብ ያልቻለ ልጅ ከዚያ በኋላ በሁሉም የትምህርት ዓይነት ይቸገራል። ታዲያ ፊደል ለይቶ ድምፁን ማያያዝ ያቃተውን ልጅ እንዴት እንደምረዳ ማንን ልጠይቅ? ብዙ ርዕሰ መምህራን ከላይኛው ክፍል አስተማሪነት የመጡ ናቸው፤ ትንሽ ልጅ ንባብ የሚለምድበትን መንገድ በሥራቸው አላዩትም። ክፍሌ የሚገቡትም ቅጽ ይዘው ነው። የትምህርት ዕቅድ አለ? አለ። መርጃ መሣሪያ ተሰቅሏል? ተሰቅሏል። ምልክት ተደርጎ ይወጣል፤ ማንበብ ያቃተው ልጅ እዚያው እንደተቀመጠ ነው።

ሱፐርቫይዘር፦ መምህርቷ ያነሡት ነገር በጥናትም የተደገፈ ነው። ግሪሶም፣ ሎብ እና ማስተር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ባለው የማያሚ ዴድ አውራጃ ርዕሰ መምህራንን እየተከተሉ የቀናቸውን አጠቃቀም መዝግበው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱን አሳትመዋል። ከማስተማር ጋር ለተያያዘ ሥራ የዋለው ጊዜ ከ13 በመቶ በታች ነበር። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው በየክፍሉ ገባ ብሎ መውጣት ሲሆን፣ ይህ ልማድ ለተማሪዎች ውጤት አልጠቀመም፤ እንዲያውም ዝምድናው ወደ አሉታዊ ያዘነበለ ነበር። ከመምህር ጋር ተቀምጦ ማሠልጠንና ማማከር ግን ከተሻለ ውጤት ጋር ተያይዟል። የትምህርት አመራር ተመራማሪዋ ቪቪያን ሮቢንሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 ቀደምት ጥናቶችን ሲያጠቃልሉም፣ ለተማሪዎች ውጤት ከፍተኛ ድርሻ ያለው የአመራር ተግባር ርዕሰ መምህሩ በመምህራን ሙያ ማሻሻያ ላይ ራሱ ተሳታፊ መሆኑ ነው ብለዋል። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ተጽዕኖው በሚበልጥበት መለኪያ መጠኑን 0.84 አድርገውታል፤ ሥርዓት ያለው አካባቢ መፍጠር 0.27 ነው። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ክፍል ይግባ ብቻ ማለት አይበቃም። ቅጽ ይዞ የሚገባ ከሆነ ባይገባ ይሻላል።

ወላጅ፦ 0.27ም ቢሆን ዜሮ አይደለም። የፈራ ልጅ ምን ይማራል?

ሱፐርቫይዘር፦ ልክ ነዎት፤ የደኅንነቱ ሥራ ይቅር አላልኩም።

ርዕሰ መምህር፦ እንግዲያው መፍትሔው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ሒሳቡን፣ ግዢውን፣ ሕንፃውንና ሪፖርቱን የሚይዝ አስተዳዳሪ ይመደብ፤ እኔ ከመምህራኑ ጋር ልቀመጥ። ይህ ካልሆነ አዲሱ ሚና በወረቀት ላይ ይቀራል።

የአንደኛ ክፍል መምህርት፦ እስማማለሁ፤ ግን ሁሉንም አሳልፈው እንዳይሰጡ። አስተዳደር የሚመስሉ፣ በእውነቱ ግን የማስተማር የሆኑ ውሳኔዎች አሉ። አንደኛ ክፍልን ማን ያስተምር? የፈተና ውጤት የሚለካው በላይኛው ክፍል ስለሆነ ጠንካራው መምህር ወደ ላይ ይወሰዳል፤ ጀማሪው ወደ ታች ይላካል። ልጆቹ መሠረት የሚይዙበት ክፍል ልምድ በሌለው እጅ ይወድቃል። የንባብ ክፍለ ጊዜ ጠዋት ልጆቹ ንቁ ሳሉ ይሁን ወይስ ደክመው ወደ ቤት ሊሄዱ ሲሉ? መምህራን አብረው የሚያቅዱበት ሰዓት በፕሮግራሙ ውስጥ አለ ወይስ የለም? የመጽሐፍ መግዣው ገንዘብ ወዴት ሄደ? እነዚህን የክፍሉን ኑሮ የማያውቅ አስተዳዳሪ ከወሰናቸው፣ እርስዎ ከእኛ ጋር የቱንም ያህል ቢቀመጡ ብዙ አይለወጥም።

ርዕሰ መምህር፦ የመምህር ምደባውንና የክፍለ ጊዜ ድልድሉን አልለቅም፤ በዚያ ተግባብተናል። በጀቱንስ?

የአንደኛ ክፍል መምህርት፦ ምን እንደሚገዛ እርስዎ ከእኛ ጋር ይወስኑ፤ ደረሰኙን ሌላ ሰው ይሰብስበው። ቧንቧውንም ለእሱ ይተዉለት። ለዚያ ሰው ደመወዝ እንዲመደብ እኛ መምህራንም አብረንዎት እንጠይቃለን።