ከእርባታ የወጡ 6 ዶሮዎች፣ ስስ ቅርፊትና የተራቆተ ጀርባ

የጓሮዋ፦
ቢሾፍቱ ካለ እርባታ "አርጅተዋል" ተብለው ለእርድ ሊሸጡ የነበሩ 6 ቦቫንስ ብራውን የሚባሉ የእንቁላል ዶሮዎች አምጥቻለሁ፤ ዛሬ 5ኛ ቀናቸው ነው። ዕድሜያቸው 80 ሳምንት፣ የኖሩት ኬጅ (የሽቦ ሳጥን) ውስጥ፣ ምንቃራቸውም የተቆረጠ ነው። ጀርባቸው ተመልጧል። ስንዴ ብበትንላቸው መልቀም ያቅታቸዋል። በቀን 1 ወይም 2 እንቁላል አገኛለሁ፤ ቅርፊቱ በጣት ሲነኩት ይሰረጉዳል። ታመው ነው? ካሉኝ 4 የሐበሻ ዶሮዎች ጋር ልቀላቅላቸው?

ጭድና ሰጋቱራ፦
እህቴ፣ ገና አትቀላቅያቸው። አዲሶቹ ከሐበሻዎቹ ተለይተው 3 ሳምንት ይቆዩ፤ ውሃ መጠጫና መመገቢያቸውም የተለየ ይሁን። ምንቃሩ የተቆረጠ ዶሮ ከመሬት ፍሬ ማንሳት ይከብደዋል። መኖውን ጠለቅ ባለ ዕቃ፣ ቢያንስ 4 ጣት ያህል ሞልተሽ ስጪ። የሐበሻ ዶሮ ጭሮ ይኖራል፤ እነዚህ ግን በቀን በነፍስ ወከፍ 115 ግራም ያህል የእንቁላል ጣይ መኖ ይፈልጋሉ፤ ለ6ቱ በወር 21 ኪሎ መሆኑ ነው። ትርፍራፊ እንጀራ ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ አይበቃም።

ኬጅ ውስጥ የከረመ አጥንት በቀላሉ ይሰበራል። ማደሪያ እንጨቱን ከመሬት ከ40 ሳንቲ ሜትር አታስበልጪው።

ቅርፊት፦
ቅርፊቱ የካልሲየም ጉዳይ ነው። አንድ ቅርፊት ወደ 2 ግራም ካልሲየም ይበላል፤ የሚሠራውም በአብዛኛው ሌሊት ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በተለየ ሳህን ሽርክት የኖራ ድንጋይ አቅርቢላቸው። ዱቄቱ ቶሎ ያልፋል፤ የስንዴ ፍሬ የሚያህለው ሽርክት ግን ሆዷ ውስጥ ቆይቶ ሌሊቱን ቀስ እያለ ይሟሟል። የግድግዳ ኖራ እንዳትሰጪ፣ ያቃጥላል! የእንቁላል ቅርፊትም ይሆናል፤ ምጣድ ላይ በደንብ አድርቀሽ አድቅቂው፤ ቅርጹን ካወቁት እንቁላል መስበር ይለምዳሉ።

መብራት ጨምሪ። የአዲስ አበባ ቀን 12 ሰዓት ገደማ ነው፣ ለጣይ 14 ይሻላል። አነስተኛ አምፖል ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስኪነጋ በቂ ነው። ማታ አታብሪ፤ ድንገት ሲጠፋ መስፈሪያቸው ላይ ሳይወጡ ይጨልምባቸዋል።

ጭድና ሰጋቱራ፦
በ"ቅርፊት" የመብራት ምክር አልስማማም፣ ቢያንስ አሁን። ላባ እየጣሉ ከሆነ ሰውነታቸው እረፍት ላይ ነው፤ ከ2 እስከ 3 ወር እንቁላል ላይጥሉ ይችላሉ። አዲስ ላባ ብቅ ሲል እንደ ቀለም መቀቢያ ብሩሽ ይሆናል፤ ላባው አድጎ ሲያልቅ መብራቱን ጀምሪ። ላባ ሳይጥሉ ተመላልጠው ብቻ ከሆነ ግን ኬጁ ፍቆት ወይም ተነቋቁረው ነው።

ክትባትም አትርሺ።
የፈንግል ክትባት መቼ እንደወሰዱ እርባታውን ጠይቂ። በመጠጥ ውሃ የምትሰጪ ከሆነ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል፤ አፍልተሽ ያቀዘቀዝሽውን ተጠቀሚ። 2 ሰዓት ውሃ ከልክለሽ ስጪ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱ። አንዱ ብልቃጥ ለ10 ዶሮ በጣም ብዙ ነው፤ የተከፈተ ደግሞ ለነገ አይቀመጥም፣ ከጎረቤት ጋር መጋራቱ ያዋጣል። 4ቱንም የሐበሻ አብረሽ ክተቢ።

ሆዷ ወደ ታች ተንዘርጥጦ እንደ ዳክዬ የምትራመድ ካለች ካልሲየም አያድናትም፤ ለሐኪም አሳዪያት።

የጓሮዋ፦
የላባ ቡቃያ አይቻለሁ፣ በ2ቱ ላይ። መብራቱ ይቆይ እንግዲህ። ሽርክቱን ከመኖ መሸጫ ነገ እጠይቃለሁ።