ከልምምድ በኋላ አይቡፕሮፌን ስለመውሰድ ምክር እፈልጋለሁ

በልጅነቴ በያዘኝ ፖሊዮ ምክንያት በዊልቸር የምንቀሳቀስ የፓራ ፓወርሊፍቲንግ ስፖርተኛ ነኝ። ውድድራችን አግዳሚ ላይ ተጋድሞ ብረት መግፋት ብቻ ስለሆነ ጫናው በደረትና በትከሻ ላይ ያርፋል፤ ሌላው ሰው ከልምምድ በኋላ ትከሻውን ሲያሳርፍ እኔ በዚያው ትከሻ ዊልቸሬን እየገፋሁ ቤቴ እገባለሁ፤ በማግስቱም ከአልጋ ስነሣ ሕመሙ ያስጮኸኛል። ስለዚህ ላለፉት ሦስት ወራት ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ምግብ በልቼ 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን እወስዳለሁ። መድኃኒቱ በስፖርት የተከለከለ አለመሆኑን አውቃለሁ። የሚያስጨንቀኝ ሕመሙን የሚያስታግሰው ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ሰውነት የሚያመርተውን ንጥረ ነገር በመቀነስ መሆኑ ነው፤ ይኸው ንጥረ ነገር ጨጓራን ይጠብቃል፣ ለኩላሊት የደም ዝውውርና ለጡንቻ ጥገናም ያስፈልጋል። ሰሞኑን ደግሞ ጨጓራዬን ያቃጥለኝ ጀምሯል። ጨርሶ ልተወው ወይስ በከባድ ልምምድ ቀናት ብቻ ልወሰን? ትከሻን ሙሉ በሙሉ ማሳረፍ ለማይችል ሰው የሚሆን የማገገሚያ ዘዴ የምታውቁ ባለሙያዎችና ስፖርተኞች ብትመልሱልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።