«በዑደት ገባ» ይባላል ወይ?

ፊደል ወዳድ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ኢየሩሳሌም ሆሣዕና የተጻፈ ጽሑፍ እያረምኩ ነው። «ሕዝቡ ከቤተ ፋጌ ተነሥቶ፣ ደብረ ዘይትን አቋርጦ፣ በዑደት ከተማዋ ገባ» ይላል። ዑደት መዞር አይደለም እንዴ? ይኼ ቁልቁል የሚወርድ መንገድ ነው። «በሰልፍ» ልበለው?

ሰዋስው፦ በፍጹም! ሰልፍ ውጊያ ነው። ለኢዮሳፍጥ «ሰልፉ የእግዚአብሔር ነው እንጂ የእናንተ አይደለም» የተባለውን አስታውሺ። ዘንባባ የያዘ ሕዝብ ከማን ጋር ሊዋጋ ነው?

የሰፈር ልጅ፦ እሱ የድሮው ነው። ዛሬ ዳቦ ቤት በር ላይ የሚቆመውም ሰልፍ ነው።

ዘድጓ፦ እኔ «በአጀብ» እላለሁ። በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኢየሩሳሌምን የተሳለመችው ኤገሪያ ያየችውን ጽፋለች። ልክ እንደ እኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ላይ፣ ደብረ ዘይት አናት ላይ ወንጌሉ ይነበባል። ከዚያ ጳጳሱ ይነሣል፤ ሕዝቡ «ቡሩክ ዘይመጽእ» እያለ ከፊት ከፊቱ ይሄዳል። መራመድ ያልቻሉ ሕፃናት እንኳ ወላጆቻቸው ትከሻ ላይ ሆነው የዘንባባ ወይም የወይራ ዝንጣፊ ይይዛሉ። ሕዝቡ እንዳይደክም ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። ጌታ እንደታጀበ ጳጳሱን እያጀቡት ነው እኮ!

ዘቅኔ ቤት፦ ቅኔ ቤት ያደረ ሰው ይናገር። ዑደት ከ«ዖደ» ነው። ዳዊት «ወአዐውድ ምሥዋዒከ እግዚኦ» ይላል፤ መሠዊያህን እዞራለሁ ማለቱ ነው። እኛ በሆሣዕና በአራቱ ማዕዘን ወንጌል እየተነበበ ቤተ ክርስቲያኑን ስንዞር፣ እሱ ዑደት ነው። ኢየሩሳሌም፣ በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ባለው ገዳማችን በዴር ሡልጣን መነኮሳቱ በትንሣኤ ዋዜማ ሌሊት ጧፍ አብርተው፣ ከበሮ እየተመታ ጉልላቱን ሲዞሩም ዑደት ነው። መሐል ያለ ነገር ሳይዞሩ ዑደት የለም።

የሰፈር ልጅ፦ እንዲያ ከሆነ ዐውድማም ዐውደ ዓመትም ከዚያው ናቸው። የአረብኛው «ዒድ»ም ሳይሆን አይቀርም።

ሰዋስው፦ ወንድሜ፣ እዚያ ላይ ቀስ በል። ዒድ ከሱርስት፣ ከጥንቱ የሶርያ ክርስቲያኖች ቋንቋ፣ ገባ የሚሉ አሉ። ዐውደ ዓመት ግን ልክ ነህ፣ ዓመቱ ዞሮ መምጣቱ ነው።

ፊደል ወዳድ፦ እሺ፣ ጽሑፉ ነገ ይወጣል። ዛሬም ካቶሊኮቹ በዚያው መንገድ ወርደው በአንበሶች በር ይገባሉ፤ የሚያበቃው ቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ነው። አጀብ ነው ሰልፍ?

ዘቅኔ ቤት፦ ቆይ እህቴ። መጀመሪያ «አውዳመት» ብለው የሚጽፉትን እናርም። ዐይኑ ዐ ተጥሎ፣ «ዓ» ተውጦ፣ ዓመቱ የት አለ?

የሰፈር ልጅ፦ የኔታ፣ ሕዝቡ የሚለው እንዲያ ነው እኮ!