ክርክር፦ ልጆች የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር በማረም ሰዋስው ይማራሉ?

የ4ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦ ለልጄ በየሳምንቱ የሚሰጣት የቤት ሥራ ያው ነው፤ የተሳሳቱ ዓረፍተ ነገሮች ተደርድረው «አርመሽ ጻፊ» ትባላለች። «ልጆቹ ትናንት መጣ» የሚለውን ወዲያው «መጡ» ትላለች። ስለ ጥምቀት የጻፈችው ድርሰት ላይ ግን አራት ነጥብ ያለው የገጹ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ታዲያ ይህ ልፋት ምን ጠቀማት?

የአማርኛ መምህርት፦ እህቴ፣ እባክዎ አያስቁሙት። ክፍሌ ውስጥ 60 ልጆች አሉ፤ የሁሉንም ድርሰት በየሳምንቱ ላርም ብል አልችልም። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ግን አብረን እናርማለን። «ቃላቶች»፣ «መምህራኖች» እያሉ በብዙ ቁጥር ላይ ሌላ ብዙ ቁጥር መደረብን የተዉት በዚህ ነው። በአማርኛ ማን እንዳደረገና በማን ላይ እንደተደረገ ግሱ ራሱ ስለሚናገር፣ የአንዲት ፊደል ስህተት ትርጉሙን ታዛባለች። ልጁ ዓይኑን ማሠልጠን አለበት።

የጋዜጣ አራሚ፦ መምህርት፣ እንደ «ልጆቹ መጣ» ባለ የባለቤትና የግስ ስምምነት ስህተት ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ልጁ በጆሮው ያውቀዋልና። ፊደል ላይ ግን በብርቱ እቃወማለሁ። ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ነው። «ሠዓሊ»ን ገና አንብቦ ላልለመደ ልጅ «ሰአሊ» ብሎ ጽፎ «አርም» ማለት ስህተቱን ማስጠናት ነው። በምን ይለየዋል? ትክክለኛውን ደጋግሞ ማንበብ እንጂ ሌላ መንገድ የለውም።

ሥርዓተ ነጥብንም ትርጉም ከሌለው፣ ሰው አያስታውሰውም። «እናቴ፣ አስቴርና ሳራ መጡ» ሲባል የመጡት ሦስት ናቸው። ነጠላ ሰረዙን ብናነሳው እናትየዋ ራሷ አስቴር ትሆንና ሁለት ይቀራሉ። ልጆቹ ስንት ሰው እንደመጣ ይከራከሩበት፤ «ምልክቱን አስገባ» ከሚል ትእዛዝ ይሻላቸዋል።

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አባት፦ እኔን የሚያሳስበኝ ስህተት ያልሆነው ስህተት መባሉ ነው። ልጄ ቅዳሜ በሚማርበት የአማርኛ ክፍል «አባቴ መጣ» ብሎ ጽፎ በቀይ ተሰርዞ «መጡ» ተባለ። እቤት «አንተ» የሚለኝ ልጅ ነው። አንቱታን ይማር፣ ደስ ይለኛል፤ ግን እንደ ክብር ይነገረው እንጂ እንደ ሰዋስው ጥፋት አይቆጠርበት። ከዚያ ወዲህ አማርኛ መጻፍ ይፈራል።

የአማርኛ መምህርት፦ ይህ እውነት ነው፤ እንዲህ ያለው እርማት መቅረት አለበት።

የትምህርት ባለሙያ፦ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎቹ ስቲቭ ግራሃምና ዶሎረስ ፔሪን ከ4ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉ ተማሪዎች ላይ የተሠሩ የጽሕፈት ትምህርት ጥናቶችን አሰባስበው መዝነዋል። ሰዋስውን ለብቻው ማስተማር ጽሑፍን አላሻሻለም፤ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ማጣመር ግን አሻሽሏል። «ዝናብ ዘነበ። መንገዱ ጨቀየ። ዘግይቼ ደረስኩ።» ብለን ሰጥተን «አንድ አድርጉት» እንበል። አንዱ «ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ስለጨቀየ ዘግይቼ ደረስኩ» ይላል፤ ሌላው በሌላ መንገድ ያጣምረዋል። አራት ነጥቡ የት እንደሚገባ የሚወስነው ልጁ ራሱ ነው።

የአማርኛ መምህርት፦ ያ የተመዘነው ከጽሑፍ ተነጥሎ የሚሰጠው ሰዋስው ነው፤ የእኔ እርማት ከንባባችን የሚወጣ ነው። ማጣመሩን ግን እሞክረዋለሁ።

የ4ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦ እንግዲያው መምህርት፣ ልጄ የምታርመው ከራሷ ድርሰት የወጣ ዓረፍተ ነገር ቢሆንስ? በሳምንት አንድ ልጅ፣ ስሙ ሳይነገር፣ አንድ አንቀጽ ሰሌዳ ላይ ቢጻፍ 60ውም አብረው ያርሙታል።

የጋዜጣ አራሚ፦ በዚህ እስማማለሁ። የፊደሉን ግን ከ5ኛ ክፍል በፊት አታምጡባቸው።